ጠፈጠፍ የበላው ከተማ

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። ስለዚያ አዋጅ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ተከራክረናል። ማን ቤቱን ተነጠቀ፣ ማን ከኪራይ ጭንቅ ዳነ፣ ማን ተበደለ፣ ማን ተካሰ ስንባባል ኖረናል። አዋጁ የወጣው ግን ክረምት ላይ ነበር። ዝናቡ ሊያባራ ሁለት ወር ያህል ቀርቶት ነበር። ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ በአዲስ አበባ በየዓመቱ የሚጠብቅ አንድ ሥራ አለ፤ ክረምቱ ያራሰውን፣ የሸረሸረውንና የሰነጠቀውን ግድግዳ ዞሮ አይቶ መመረግ። በዚያ መስከረም ያንን ሥራ ማን ይሥራው? ቤቱን የተነጠቀው ሰው አይሠራው፤ ከእንግዲህ የእሱ አይደለም። ተከራዩ አይሠራው፤ የእሱም አይደለም። ቀበሌው ገና ወንበርና ማኅተም እየፈለገ ነበር። ግድግዳው ሳይመረግ ቀረ። በሚቀጥለው መስከረምም እንዲሁ።

የባለቤትነቱን ክርክር ለታሪክ ጸሐፊዎች እተወዋለሁ። እኔን የሚያንገበግበኝ ቤቶቹን ለማትረፍ የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ በእጃችን የነበረ መሆኑ ነው። ጭቃው ከዚያው ከግቢው ይቆፈራል። ጭዱ በአህያ ተጭኖ ከከተማው ዙሪያ ገጠር ይመጣል። ጥቁር ድንጋይ በአዲስ አበባ ሞልቶ የተረፈ ነው። እውቀቱም ነበር፤ ጭቃ የሚያቦኩ፣ የሚመርጉ፣ የሚለስኑ ሰዎች በየሰፈሩ ነበሩ። ከውጭ የሚገዛ ነገር ቢኖር ቆርቆሮና ምስማር ነው፤ እሱም በቤቱ ላይ ቀድሞ ተመትቷል። እንዲህ ሁሉም ነገር በተሟላበት ነው አንድ ሙሉ ከተማ ከእግሩ ሥር እንዲበሰብስ የተውነው።

ሙሉ ከተማ ስል ማጋነኔ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ሲካሄድ አብዛኛው የአዲስ አበባ ቤት ግድግዳው እንጨትና ጭቃ ነበር። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ባህር ዛፍ ቋሚና ማገር ሆኖ፣ ቆርቆሮ ክዳን ሆኖ፣ በመሀል ደግሞ አፈሩ ራሱ ግድግዳ ሆኖ ነው ይህ ከተማ የተሠራው።

አሠራሩን ያየ ያውቀዋል። ቋሚ ይተከላል፤ በውስጥም በውጭም ማገር ይመታበታል፤ በመሀሉ ጭቃ ይጠቀጠቃል። ጭቃው እንዲያው አፈርና ውሃ ብቻ አይደለም። ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ፣ ውሃ እየተጨመረበት እንዲቦካ ይተዋል፤ ሽታው ሲለወጥና ጭዱ ሲልም ነው ለምርጊት የሚደርሰው። የመጀመሪያው ምርጊት ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። መሰንጠቁ ጉድለት አይደለም፤ ሁለተኛው ምርጊት የሚይዘው በዚያ ስንጥቅ ነው። በላዩ የላመ ጭቃ ከእበት ጋር ይለሰናል፣ ከዚያም ኖራ ይቀባል። እበቱ ጭቃውን ያያይዘዋል፣ ከውሃም በመጠኑ ይከላከልለታል። ይህን ላቦራቶሪ አላስተማረንም፤ እናቶቻችን ያውቁት ነበር። ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ቤት የሚለሰነውና የሚቀባው ለውበት ብቻ ይመስለን ነበር። በዓሉ የሚውለው ክረምት ሲወጣ ነው፤ ግድግዳ የሚታይበትና የሚጠገንበት ትክክለኛው ጊዜም ያ ነው። ልማዱ የጥገና ቀጠሮ ጭምር ነበር።

እንዲህ የተሠራ ግድግዳ ደረቅ እስከሆነ ድረስ የሠራውን ሰው ዕድሜ አልፎ ይሄዳል። ሸክላ ያለበት አፈር ሲደርቅ ይጠነክራል፤ ሲርስ ግን ተመልሶ ጭቃ ይሆናል። ስለዚህ በእነዚህ ቤቶች ላይ እርጅና እያልን የምንጠራው ነገር አብዛኛውን ጊዜ እርጥበት ነው። “አርጅቷል” ሲሉኝ የምናደደውም ለዚህ ነው። ያረጀ ቤት አለ፤ የራሰና ማንም ያላደረቀው ቤት ግን ከእሱ ይለያል።

ውሃው የሚጀምረው ከታች ነው። ከጣሪያ የወረደው ጠፈጠፍ መሬቱን ሲመታ አፈር ይዞ ወደ ግድግዳው ይፈናጠራል፤ ከመሬት እስከ ጉልበት ያለው ክፍል ክረምቱን ሙሉ ሲደበደብ ይከርማል። መሬት ውስጥ የገባውንም ውሃ ግድግዳው ከሥሩ እየመጠጠ ወደ ላይ ይስበዋል፤ የኩራዝ ክር ጋዝ እንደሚስብ። በመጀመሪያ ኖራው ይላጣል። ቀጥሎ ልስኑ ይረግፋል፣ ማገሩ ይገለጣል፣ አፈር ውስጥ የተተከለው የቋሚው እግር ይበሰብሳል፤ ምስጥም የራሰ እንጨት አይምርም። ከላይ ያለው ሁለት ሜትር ግድግዳ ምንም ሳይሆን ከታች ያለው ግማሽ ሜትር ስለተበላ ብቻ ቤቱ ያዘነብላል። አንጀቴን የሚበላኝ ይህች ግማሽ ሜትር ናት። መላው የጭቃ ቤት ጉዳይ ያለው እሷ ላይ ነው፤ እሷን ለማዳን ደግሞ መሐንዲስ አያስፈልግም ነበር።

የሚወርደውን ውሃ አስቡት። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። አዲስ አበባ በዓመት በአማካይ ከ1,100 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ ግማሽ ያህሉ በሐምሌና በነሐሴ የሚወርድ ነው። ስድስት በስምንት የሆነ ቤት ጣሪያው 48 ካሬ ሜትር ነው። ከዚያች ጣሪያ በዓመት ከ50,000 ሊትር በላይ ውሃ ይወርዳል፤ በባለ 200 ሊትር በርሜል ሲሰፈር ከ250 በርሜል ይበልጣል። አሸንዳ ከሌለ ይህ ሁሉ የሚያርፈው እዚያው ግድግዳው እግር ሥር ነው፤ በየዓመቱ በዚያው መስመር፣ በዚያው ጉድጓድ። የዚያው ቤት ልጆች ግን ጀሪካን ይዘው ቦኖ ላይ ወረፋ ይጠብቃሉ። በአንድ አሸንዳና በአንድ በርሜል ግድግዳውም ይድን፣ የልብስ ማጠቢያውም ውሃ ይገኝ ነበር። ሁለቱንም አጣናቸው።

ማድረግ የነበረብን ይህ ነው፤ ይህችው ብቻ። ቤቱ ዳገት ላይ ከሆነ ከላይ የሚመጣውን ጎርፍ የሚቀለብስ ቦይ በላይኛው ወገን መቆፈር። ጠፈጠፉ የሚወርድበትን መስመር በጠጠር መሙላት፣ ውሃው ሳይፈናጠር እንዲሰርግ። ቆርቆሮውን ከግድግዳው ቢያንስ ስልሳ ወይም ሰባ ሳንቲ ሜትር ማሳለፍ፣ አሸንዳ መስቀል። የቋሚውን የበሰበሰ እግር ቆርጦ በድንጋይ ላይ ማስቀመጥ፤ አዲስ የሚተከለውን በተቃጠለ ዘይት መቀባት። ከግድግዳው ሥር እስከ ጉልበት ድረስ ጭቃውን አንስቶ በጥቁር ድንጋይ መተካት። በየመስከረሙ የረገፈውን መመረግ። የዕቃና የልብስ እጣቢ ግድግዳ ሥር አለመድፋት። ከእነዚህ ውስጥ ከሦስት ሰው የሁለት ቅዳሜ ጉልበት በላይ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ደቦ በሚያውቅ አገር ይህ ሥራ አይባልም ነበር።

ያደግሁበት ቤት ከእንጦጦ በታች ባለ ዳገት ላይ ነበር፤ የቀበሌ ቤት። ከ100 ብር በታች ይከራዩ የነበሩት ትርፍ ቤቶች ለቀበሌ ሲሰጡ የእኛም በዚያው ገባ። ኪራዩ በአዋጁ ተቀንሶ እዚያው ቀረ፤ ብር ዋጋውን እያጣ ሲሄድ የቤቱ ኪራይ የአንድ ኪሎ ስኳር ዋጋ እንኳ የማይሞላበት ዘመን ደረሰ። ለነዋሪው በረከት ነበር፤ እናቴ ልጆቿን ያሳደገችው በዚያ በረከት ነው፤ አልክደውም። ቀበሌው ግን በዚያ ገንዘብ እንኳን ግድግዳ ሊያስመርግ ምስማር አይገዛም። ታዲያ ያልቻለውን ሥራ ለምን ለነዋሪው አልተወለትም? እናቴ በራሷ ወጪ አሸንዳ ለማሰቀልና የኋላውን ግድግዳ እግር በድንጋይ ለማስገንባት ፈቃድ ልትጠይቅ ስትሄድ የተሰጣት መልስ ዛሬም ይከነክነኛል።

“እማማ፣ ይህ ሰፈር እኮ ሊነሳ ነው። ለሚፈርስ ቤት ለምን ይደክማሉ?”

“እስኪነሳስ ድረስ የት እንሁን ልጄ?” አለችው።

መልሱን የሰጣት የቀበሌ ሠራተኛ ክፉ ልጅ አልነበረም። ስሟን ጠይቆ፣ ወንበር ስቦ ያስቀመጣት ትሑት ሰው ነው። ግን መመሪያው አንድ ነበር፤ ለመለወጥም ለማስፋትም ለማደስም ፈቃድ፣ ለፈቃድ ደግሞ ማስረጃ፣ ለማስረጃ ደግሞ ሌላ ቢሮ። ነዋሪው ድንጋይ ሲያስጭን የታየ እንደሆነ “ሕገ ወጥ ግንባታ” ይባላል። ግድግዳው ሲረግፍ ግን የሚጠይቅ የለም። ሰፈሩ ብዙ ክረምት ሳይነሳ ቆየ። የኋላው ግድግዳ አንድ የነሐሴ ሌሊት ወደ ውጭ ወደቀ፤ ሰው ያልነካው እግዚአብሔር ስለጠበቀን ነው። በማግስቱ የመጣው ኮሚቴ ቤቱን አይቶ “ከጥቅም ውጪ” ብሎ ጻፈ። ሲመዘግቡ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ከወደቀው ግድግዳ የላይኛው ክፍል አንድ ቁራጭ አንስቼ መሬት ላይ ወረወርኩት፤ አልተሰበረም። የደረቀው ክፍል ያን ያህል ጠንካራ ነበር።

“ሊነሳ ነው” የምትለዋ ቃል ከዝናቡ የባሰች ጠላት ሆነች። በ1990ዎቹ አጋማሽ የኮንዶሚኒየም ግንባታ ከተጀመረ ወዲህ በየሰፈሩ ያልተነገረበት የለም። ነዋሪው ዛሬ ነገ እያለ ገንዘቡንም ልቡንም አሳደረ። ለሚፈርስ ቤት ማን ጭቃ ያቦካል? አንዳንዱ ሰፈር ከወሬው በኋላ አሥር ዓመት፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ቆሟል። ሰው ሲጠብቅ ውሃ አልጠበቀም። በእነዚያ ሁሉ ክረምቶች የተተዉት ቤቶች በስተመጨረሻ በእውነት የሚፈርሱ ሆኑ፤ ወሬው ራሱን በራሱ እውነት አደረገ። ከሁሉ የሚያበግነኝ ይህ ነው። ቤቶቹ የተፈረደባቸው ስለበሰበሱ ይመስላል፤ አስቀድሞ የተፈረደባቸው ስለሆነ ግን ነው የበሰበሱት።

ትልልቆቹ ቤቶችም ከዚህ አላመለጡም። በፒያሳ፣ በአራት ኪሎ፣ በእሪ በከንቱ በኩል የመኳንንትና የነጋዴ የነበሩ ቤቶች በዙሪያቸው ሰፊ በረንዳ ነበራቸው። በረንዳው ለቡናና ለወግ ብቻ የተሠራ የሚመስለው ብዙ ሰው ነው። ዋናው ሥራው ግን ግድግዳውን ከዝናብ መከለል ነበር፤ ጠፈጠፉ ከጭቃው ሁለት ሜትር ርቆ እንዲወርድ ማድረግ። ከአዋጁ በኋላ በአንድ ቤት ብዙ ቤተሰብ ሲገባ በረንዳው በጣውላና በቆርቆሮ እየተከለለ መኝታና ወጥ ቤት ሆነ። መጠለያ ያጣ ሰው አይወቀስም። ነገር ግን በዚያ በኩል የጣሪያው ውሃ መውረጃ ተዘጋ፣ ሁለት ክዳን የሚገናኝበት ቦታ ማፍሰስ ጀመረ፣ ውሃውም ግድግዳው ውስጥ ገብቶ ከላይ ወደ ታች ይወርድ ጀመር። እንጨት ላይ የተቀረጸ ውብ ሥራ ያለባቸው ቤቶች እንዲህ ሆነው ነው በየክረምቱ አንድ አንድ ማዕዘን እየጣሉ ያለቁት።

የሲሚንቶው ታሪክ ደግሞ ሌላ ነው። እዚህ ላይ ቸልተኞች ነበርን ለማለት አልችልም፤ ብዙ ሰው ለቤቱ የደከመው፣ ገንዘቡን ያወጣው እዚህ ላይ ነው። ትንሽ ገንዘብ ያገኘ ሁሉ የጭቃ ግድግዳው ላይ ወንፊት ሽቦ አስመትቶ በሲሚንቶ አስለሰነው፣ ቀለም ቀባው። ከሩቅ ሲያዩት ብሎኬት ይመስላል። ጎረቤት “እሰይ፣ ቤቱ ዘመነ” ይላል። ጭቃና ሲሚንቶ ግን አብረው አይኖሩም። ጭቃ በእርጥበትና በድርቀት ይነፋል፣ ይኮማተራል፤ ሲሚንቶ ግን ደረቅ ቅርፊት ስለሆነ አብሮት አይንቀሳቀስም፤ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ውሃ ይገባል። የገባው ውሃ ደግሞ መውጫ የለውም። የጭቃ ልስን ቢሆን ኖሮ ፀሐይ ሲወጣ እርጥበቱ በሙሉ ግድግዳው ገጽ ተንኖ ያልቅ ነበር፤ ሲሚንቶው ግን ዘግቶ ያስቀረዋል። ከውጭ ግድግዳው ሙሉ ነው፣ ቀለሙ ያብለጨልጫል፤ ከውስጥ ግን ምርጊቱ ወደ ጭቃነት ተመልሶ ከታች ይከመራል። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ማለት ይኸው ነው። ሰው ቤቱን አተረፍኩ ብሎ ሲደሰት ዓመታት ያልፋሉ፤ ከዚያ አንድ ቀን ልስኑ በሙሉ ተገንጥሎ ሲወድቅ ከኋላው ባዶ ማገር ይገኛል። ግቢውንም እስከ ግድግዳው ድረስ ሲሚንቶ ያስነጠፈ ሰው እንዲሁ ነው፤ ከመሬት መትነን ያልቻለው እርጥበት ያለው አማራጭ በግድግዳው መውጣት ብቻ ነው። መንገዱም ኮብልስቶን ወይም አስፋልት ሲነጠፍበት ከፍ ይላል፣ ቤቱ ዝቅ ይላል። የመንገዱ ጎርፍ ደጃፍ አልፎ የሚገባባቸው ስንት ቤቶች አሉ! መንገዱን የሠራው አካል ለቤቶቹ አንድ ስንዝር ቦይ ቢተውላቸው ምን ይጎዳው ነበር?

በዚህ ስህተት የወደቅነው እኛ ብቻ አይደለንም፤ ሌሎች ግን ነቅተዋል። በአሜሪካ፣ ኒው ሜክሲኮ ግዛት፣ ራንቾስ ደ ታኦስ በሚባል ቦታ በፀሐይ በደረቀ የጭቃ ጡብ የተሠራ የቅዱስ ፍራንቸስኮስ ቤተ ክርስቲያን አለ። እ.ኤ.አ. በ1967 የጭቃ ልስኑን አንስተው በሲሚንቶ ለሰኑት፤ ከእንግዲህ በየዓመቱ ከመመረግ ተገላገልን ብለው። ብዙም ሳይቆይ ውሃው ከሲሚንቶው ኋላ ታስሮ ጡቡን ይበላ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1979 ሲሚንቶውን ሙሉ በሙሉ ገሸለጡትና ወደ ጭቃው ተመለሱ። ዛሬ ምዕመናኑ በየዓመቱ ተሰብስበው ራሳቸው ይመርጉታል። ማሊ ውስጥ ጄኔ በምትባል ከተማ ያለው ታላቅ መስጊድ እ.ኤ.አ. በ1907 ዳግም የተሠራ የጭቃ ሕንፃ ነው። በየዓመቱ የከተማው ሰው ወጣት ሽማግሌ ሳይል በአንድነት ይለስነዋል፤ ከመቶ ዓመት በላይ ቆሟል። እነሱ ከእኛ የተለየ ጭቃ የላቸውም። ያላቸው ቀጠሮ ነው፤ ባለቤት ነው። እኛም ነበረን፤ ደቦም እንቁጣጣሽም ነበረን። በአሜሪካ አሥራ ሁለት ዓመት ብቻ የፈጀ ስህተት እኛ ጋ እስካሁን አልታረመም፤ ዛሬም ወንፊት ሽቦው እየተመታ ነው።

ባለሙያዎቻችንን ሳስብ ቁጭቴ ይበረታል። በስዊድን ትብብር የሕንፃ ኮሌጅ የተከፈተልን እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። ያኔ አዲስ አበባ ማለት ጭቃ ቤት ማለት ነበር። ከዚያ ኮሌጅ የወጡ ስንቶች ድንቅ ሰዎች ከተማዋን ሠሩ! የአገሪቱ የሕንፃ ሥራ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ1995 ሲወጣ ግን ለኮንክሪት፣ ለብረት፣ ለእንጨት፣ ለግንብ ሥራ፣ ለቧንቧና ለኤሌክትሪክ ሳይቀር ለየራሱ ክፍል ተሰጠው። አብዛኛው ሕዝብ ለሚኖርበት የጭቃ ግድግዳ ግን አንድም ክፍል አልተሰጠውም። ኒውዚላንድን ተመልከቱ፤ ዝናብም የመሬት መንቀጥቀጥም የሚበዛባት አገር ናት። እሷ እ.ኤ.አ. በ1998 ለአፈር ቤት ብቻ ሦስት ደረጃዎች አወጣች፤ የግድግዳው ውፍረት፣ የመሠረቱ ከፍታ፣ የጣሪያው ከግድግዳ ማለፍ ሁሉ ተጽፎ። እዚያ በአፈር ቤት የሚኖረው ከሕዝቡ ጥቂቱ ነው። በእኛ አገር ግን ደረጃ የሌለው ነገር ፈቃድ የለውም፤ ፈቃድ የሌለው ነገር ብድር የለውም፤ ብድር የሌለው ነገር በሕግ ዓይን ቤት አይደለም። ሚሊዮኖች በሚኖሩበት ቤት ላይ አንዲት የአሥር ገጽ መመሪያ፣ “መሠረቱን ከመሬት ይህን ያህል ከፍ አድርግ፣ ሲሚንቶ አታስለስን” የምትል፣ ማን ቢጽፋት ይከብደው ነበር? ተመራቂው ለመመረቂያው ባለ ሃያ ፎቅ ሲነድፍ፣ ያደገበት ቤት ግድግዳ በዚያው ክረምት ሲረግፍ ነበር።

ድህነትን እያሞገስኩ አይደለም። በአንድ ክፍል ስምንት ሰው፣ ለአርባ ሰው አንድ ሽንት ቤት፣ በክረምት የሚያፈስ ኮርኒስ፤ ይህን ኖሬበታለሁ፤ ማንም ልጅ እንዲያድግበት አልመኝም። ከዚያ መውጣት መብት ነው። ግን የሰው መጨናነቅም፣ የሽንት ቤት መጥፋትም የጭቃው ጥፋት አልነበረም። ጭቃ ግድግዳ ቀን ፀሐዩን፣ ሌሊት ብርዱን የሚያለዝብ፣ ቢፈርስ እንኳ ተቦክቶ መልሶ ግድግዳ የሚሆን ነገር ነው። እኛ የሚስተካከለውን ከማይስተካከለው ሳንለይ ሁሉንም “ደሳሳ ጎጆ” ብለን በአንድ ስም ጠቀለልነው። ኪራዩን ትንሽ ከፍ አድርገን የጥገና ማኅበር ብናቋቁም፣ ቤቱን ለነዋሪው በረጅም ጊዜ ክፍያ ብንሸጥለት፣ ቢያንስ ደግሞ “ራስህ ጠግነው” ብንለው ኖሮ የሚተርፈው ስንት ነበር! የራሱ ግድግዳ የሆነለት ሰው ጭቃ ለማቡካት ማንንም አይጠብቅም። የራሳቸው ይዞታ የነበራቸው ጎረቤቶቻችን ቤት ከእኛው ቤት ጋር በአንድ ዘመን የተሠራ ነው፤ መሠረቱን ድንጋይ አድርገው፣ አሸንዳ ሰቅለው፣ በየዓመቱ ኖራ እየቀቡ ኖሩ። የእኛ ሲወድቅ የእነሱ ቀጥ ብሎ ቆሞ ነበር። አፈሩ ከአንድ ጉድጓድ የወጣ ነው።

በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ፒያሳ ሲደርስ፣ በሚቀጥለው ዓመትም ካዛንቺስ ሲገባ፣ ብዙዎቻችን አዝነን ፎቶ አነሳን። “ታሪክ ፈረሰ” አልን። ሐዘኑ እውነተኛ ነበር፤ የእኔም ነበር። ግን አፍራሹ ማሽን ሲመጣ የሚከራከርላቸው ጠንካራ ማስረጃ ያልነበራቸው ቤቶች ብዙ ነበሩ። ግድግዳቸው ሆድ አውጥቶ፣ ቆርቆሯቸው ዝጎ፣ ቋሚያቸው ጎብጦ ነበር የጠበቁት። ቤቶቹ ቀጥ ብለው ቆመው ቢሆን ኖሮ ቢያንስ አንዳንዶቹ ይተርፉ ነበር ብዬ አምናለሁ። ያን ቀን በማሽን የፈረሰው ለሃምሳ ክረምት በጠፈጠፍ የተበላ ነገር ነው፤ በእነዚያ ክረምቶች ግን ማንም ፎቶ አላነሳም።

አዲስ አበባ ላይ ብዙው አልፏል። ሁሉም ግን አላለቀም። በጉለሌ፣ በየካ፣ በአዲስ ከተማ ዛሬም ቀጥ ብለው የቆሙ ጭቃ ቤቶች አሉ። ጎንደር፣ ደሴ፣ ጅማ፣ ደብረ ብርሃን ሞልተዋል፤ “ሊነሳ ነው” የሚለው ወሬም እዚያ ደርሷል፣ ሲሚንቶውም እየደረሰ ነው። በጭቃ ቤት የምትኖሩ ሁሉ ሰኔ ሳይገባ ቤታችሁን አንድ ጊዜ ዙሩት። ግድግዳው ሥር የተከመረ አፈር ካለ አንሱት፤ የቤቱ ወለል ከውጭው መሬት ከፍ ይበል። በላይኛው ወገን ቦይ ቆፍሩ። አሸንዳ ስቀሉ፣ ከሥሩ በርሜል አስቀምጡ። በሲሚንቶ የተለሰነ ግድግዳ ካላችሁ ከታችኛው ግማሽ ሜትር ላይ ገሽልጡትና ይተንፍስ፤ ሲደርቅ በጭቃና በጭድ ምረጉት፣ ኖራ ቀቡት። ለማስለሰን ያሰባችሁትን ገንዘብ ለድንጋይ አውሉት። የሕንፃ ትምህርት የምታስተምሩ መምህራንም ተማሪዎቻችሁን ለአንድ ክረምት ወደ እነዚህ ቤቶች ላኩ፤ ያቺን የአሥር ገጽ መመሪያ ጽፈው ይመለሱ። የወረዳ ቤቶች ኃላፊዎች ሆይ፣ ቤቱን ነገ ልታፈርሱት ብታስቡ እንኳ፣ እስከዚያው ነዋሪው በራሱ ገንዘብ አሸንዳ እንዲሰቅልበትና እግሩን በድንጋይ እንዲጠግን ዛሬውኑ ፍቀዱለት።